ማኅደረ ትውስታ እንዴት ይፈተናል? ከአሮጌ የጨዋታ መኪና ቦርድ የሚቀሰም ትምህርት



አንድ ዕቃ ተበላሽቷል ማለት ቀላል ነው። በሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ እንሰማዋለን! ሬዲዮው ተበላሽቷል፤ ስልኩ ተበላሽቷል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከታደሉት የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች መካከልም ተበላሸ ተብሎ ጥግ የያዘው ጥቂት አይደለም። «ምኑ ነው የተበላሸው? በምንስ ታወቀ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው።

በተማሪም ላይ የምንፈርደው እንዲሁ ነው። «ይህ ልጅ የነገሩትን አይዝም» እንላለን። ምኑን ነው ያልያዘው? ያልያዘውስ አልገባው ብሎ ነው? ተምታቶበት ነው? ወይስ ይዞት ቆይቶ ጠፍቶበት ነው? ይህን የሚለይ ፈተና ካላወጣን ፍርዳችን ግምት እንጂ እውቀት አይሆንም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኤሌክትሮኒክስ ማኅደረ ትውስታ፣ በተለምዶ ሜሞሪ የምንለው፣ እንዴት እንደሚፈተን ማስረዳት ነው። ፊዚክስና ሒሳብ የምታስተምሩ በቀጥታ ትጠቀሙበታላችሁ። ሌሎቻችንም ብንሆን ፈተና ማውጣት ሥራችን ነውና ሳንጠቀምበት አንቀርም።

1. ለምን አሮጌ የጨዋታ መኪና?

በየከተማችን ልጆች ጆተኒ ሲጫወቱ እናያለን። ጆተኒ ምንም ማኅደር የለውም፤ ግቡን የሚቆጥረው ተጫዋቹ ራሱ ነው። በውጭው ዓለም ግን ሣንቲም ሲገባባቸው የሚያጫውቱ፣ ነጥቡንም ራሳቸው የሚይዙ መኪናዎች አሉ። እነርሱም በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ፒንቦል ይባላል፤ በዘቅዛቃ ሰሌዳ ላይ የብረት ኳስ እየተንከባለለ፣ ደወልና መብራት እየነካ ነጥብ የሚያስገኝ ነው። ሁለተኛው አርኬድ የሚባለው ሲሆን፣ ጨዋታው በቴሌቪዥን መስተዋት ላይ ይታያል።

በመጀመሪያ እነዚህ መኪናዎች ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ማኅደር አልነበራቸውም። አታሪ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው «ፖንግ» አንድም ማይክሮፕሮሰሰር አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ1978 ግን ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የተባለ ጃፓናዊ ለታይቶ ኩባንያ የሠራው «ስፔስ ኢንቬደርስ» ኢንቴል 8080 ፕሮሰሰርና 8,192 ባይት የሚጻፍበት ማኅደር ይዞ መጣ። በፒንቦልም በኩል እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ነጥብ የሚቆጠረው በማግኔትና በሚሽከረከር ቁጥር ነበር። ከ1977 ወዲህ ግን ባሊና ዊሊያምስ የተባሉት ፋብሪካዎች ሥራውን ለማይክሮፕሮሰሰር ሰጡት። ባሊ በ1977 ያወጣው «ኤይት ቦል» የተባለ ፒንቦል ብቻ ከ20,000 በላይ ተሠርቷል።

ታዲያ ፎገራ ሜዳ ላይ ላለን ሰዎች ይህ ምን ይጠቅመናል? ጥቅሙ ይህ ነው። የዛሬው ስልክ ማኅደሩ በአንድ ጥፍር በምታክል ቺፕ ውስጥ ታሽጓል፤ ተማሪ ከፍቶ የሚያየው ነገር የለም። የነዚያ መኪናዎች ቦርድ ግን እያንዳንዱ ቺፕ ለብቻው ተሰልፎ፣ እግሩ ሊቆጠር፣ መስመሩ በዓይን ሊከተሉት የሚቻል ነው። ብልሽቱም በመስተዋቱ ላይ ይታያል። ስለዚህ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ያገለግላል።

ሌላም ቁም ነገር አለ። እነዚህ ቦርዶች ዛሬ 40 ዓመት አልፏቸዋል፤ 2114 እና 4116 የተባሉትን የማኅደር ቺፖች መጀመሪያ የሠሯቸው ፋብሪካዎች ማምረት ካቆሙ ቆይተዋል። ጠጋኙ ደህናውን ቺፕ በስሕተት ነቅሎ ቢጥል ምትኩን በቀላሉ አያገኝም፤ ሲነቅልም ቦርዱን ሊያበላሽ ይችላል። የተሳሳተ ፍርድ ዋጋ አለው ማለት ነው።

2. ማኅደር ምንድን ነው?

ማኅደር ማለት ቁጥር የተሰጣቸው ብዙ ትንንሽ ክፍሎች ያሉት ሣጥን ነው። የክፍሉ ቁጥር አድራሻ ይባላል። በእያንዳንዱ ክፍል የሚቀመጠው ደግሞ 0 ወይም 1 ነው። ይህ አንዱ ምልክት ቢት ይባላል፤ 8 ቢት አንድ ባይት ነው።

አድራሻው የሚነገረው በሽቦ ነው። አንድ ሽቦ ሁለት ነገር ብቻ መናገር ይችላል፤ ኤሌክትሪክ አለ ወይም የለም። 4 የአድራሻ ሽቦ ካለ 2×2×2×2 ማለትም 16 ክፍል መጥራት ይቻላል። 10 ሽቦ ካለ ደግሞ 1,024 ክፍል ይጠራል። 2114 የተባለው ቺፕ 10 የአድራሻ ሽቦና 4 የመረጃ ሽቦ አለው። እንግዲህ 1,024 ክፍል፣ በየክፍሉም 4 ቢት ይይዛል። ባይት 8 ቢት ስለሆነ ሁለት ቺፕ ጎን ለጎን ይሠራሉ ማለት ነው።

ማኅደር በጠቅላላው ሁለት ዓይነት ነው። የሚጻፍበትና የሚነበበው ራም ይባላል፤ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የያዘውን ይረሳል። የሚነበብ ብቻ የሆነውና የጨዋታው ትእዛዝ የተቀመጠበት ሮም ይባላል፤ ኤሌክትሪክ ቢጠፋም አይረሳም።

የሒሳብ ሠልጣኞች ይህን ስሌት ለክፍል ልትወስዱት ትችላላችሁ። የስፔስ ኢንቬደርስ ሥዕል 256 በ224 ነጥብ ነው። ሲባዛ 57,344 ነጥብ ይሆናል። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቢት ነው፤ በርቷል ወይም ጠፍቷል። ለ8 ሲካፈል 7,168 ባይት ይወጣል። ከ8,192 ላይ ይህ ሲቀነስ 1,024 ባይት ይተርፋል። ተጫዋቹ ያገኘው ነጥብ፣ የቀረው ዕድሜ፣ የጠላቶቹ ቦታ ሁሉ የሚያዘው በዚህች ትርፍ ውስጥ ነው።

ከዚህም የተነሣ በዚያ ቦርድ ላይ አንድ የራም ቺፕ ሲበላሽ ሥዕሉ ራሱ ይናገራል። ከ8ቱ ቢት አንዱ ሁልጊዜ 1 ሆኖ ከቀረ በመስተዋቱ ላይ እኩል ርቀት ያላቸው ቀጫጭን መስመሮች ተሰምረው ይታያሉ።

3. ቺፑን ከመክሰስ በፊት

ልምድ ያለው ጠጋኝ ቀጥታ ወደ ቺፑ አይሄድም። መጀመሪያ የሚያየው የሚከተሉትን ነው።

ሀ/ ኤሌክትሪኩ። በቴስተር የቺፑን እግሮች ይለካል። አብዛኞቹ ቺፖች የሚፈልጉት 5 ቮልት ሲሆን ከ4.75 በታች ወይም ከ5.25 በላይ ከሆነ ችግሩ ከኃይል ምንጩ ነው። 4116 ደግሞ ሦስት ዓይነት ቮልት ይጠይቃል፤ 12፣ 5 እና ከዜሮ በታች 5። የመጨረሻው ቢጠፋና ሌሎቹ ቢቀጥሉ ቺፑ ይቃጠላል። ይህን ያላየ ሰው የተቃጠለውን ነቅሎ አዲስ ያስገባል፤ አዲሱም ይቃጠላል።

ለ/ መቀመጫው። ቺፑ የተሰካበት መቀመጫ በዓመታት ብዛት ይዝጋል፤ እግሩም ይላላል። ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ፣ ቺፑን በጥንቃቄ አውጥቶ፣ እግሮቹን አጽድቶ መመለስ ብቻ ብዙ «የሞተ» ቦርድ አስነሥቷል።

ሐ/ የመዳብ መስመሩ። በባሊ ፒንቦል ቦርድ ላይ ማኅደሩን የሚጠብቅ ትንሽ ባትሪ አለ። ባትሪው ሲያረጅ ይፈሳል፤ ፈሳሹም መዳቡን ይበላል። ፈሳሹ ቤዝ ስለሆነ ጠጋኞች ባትሪውን ካነሡ በኋላ በኮምጣጤ ያጥቡታል፤ ኮምጣጤ አሲድ ነውና ያከሽፈዋል። ከዚያ በንጹሕ ውሃ አጥበው ያደርቁታል። የኬሚስትሪ ሠልጣኞች ይህች ምሳሌ የናንተ ናት።

ማስጠንቀቂያ፦ ቺፕ ሲነቀል ኤሌክትሪክ መጥፋት አለበት። እጃችን ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ቺፑን ሊገድል ስለሚችል አስቀድሞ ከመሬት ጋር የተያያዘ ብረት መንካት ያስፈልጋል። የአሮጌ ቴሌቪዥን መስተዋት ጀርባ ግን ከተጠፋ በኋላም ከ10,000 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላልና ያልሠለጠነ ሰው ፈጽሞ አይንካው።

4. ፈተናው፦ መጻፍ፣ ማንበብ፣ ማወዳደር

ኤሌክትሪኩም መቀመጫውም መስመሩም ደህና ከሆነ አሁን ተራው የቺፑ ነው። የራም ፈተና በመሠረቱ አንድ ነው፤ የታወቀ ነገር ጻፍ፤ መልሰህ አንብብ፤ አወዳድር። ጥበቡ ግን ምን እንደሚጻፍና በምን ቅደም ተከተል እንደሚነበብ ላይ ነው። እስቲ 16 ክፍል ባለው ትንሽ ማኅደር እንየው። ክፍሎቹ ከ0 እስከ 15 ተቆጥረዋል።

አንደኛው ፈተና። በ16ቱም ክፍል 1 ጻፍ፤ ከዚያ ሁሉንም አንብብ። 16 ጊዜ መጻፍ፣ 16 ጊዜ ማንበብ፤ ጠቅላላ 32 ሥራ። ሁሉም 1 ብለው ከመለሱ ቺፑ ደህና ነው? አይደለም። ክፍል 5 በብልሽት ምክንያት ሁልጊዜ 1 የሚል ከሆነ ይህን ፈተና ያለ ችግር ያልፋል። ስለሚያውቅ አይደለም፤ ሌላ ማለት ስለማይችል ነው።

ሁለተኛው ፈተና። በሁሉም 0 ጻፍና አንብብ፤ ቀጥሎ በሁሉም 1 ጻፍና አንብብ። 64 ሥራ ይሆናል። አሁን ክፍል 5 ይያዛል፤ 0 ተጽፎበት 1 ብሏልና። ባለ 8 ቢት ማኅደር ከሆነ ደግሞ 01010101 እና 10101010 የሚሉትን ሁለቱን እያፈራረቁ መጻፍ ይመረጣል። ምክንያቱም ሁለት ጎረቤት የመረጃ ሽቦዎች ተነካክተው ከሆነ ሁሉም 0 ወይም ሁሉም 1 ሲሆኑ አይታወቅም፤ ተለያይተው ሲጻፉ ግን ይጋለጣል።

እዚህ ላይ የማወዳደሩን ጥቅም ልብ በሉ። 01010101 ተጽፎ 01010111 ተነበበ እንበል። የተለየው ከቀኝ ሁለተኛው ቢት ብቻ ነው። የ2114 ጥንድ ከሆነ የቀኞቹን 4 ቢት የያዘው ቺፕ ተከሳሽ ነው፤ የግራው ነጻ ነው። በየቢቱ አንድ ቺፕ ባለበት ቦርድ ደግሞ ከ8ቱ ቺፕ አንዱን ብቻ ለይቶ ያሳያል። ጥሩ ፈተና «ወድቋል» ብሎ አያቆምም፤ የት እንደ ወደቀ ይናገራል።

ነገር ግን ሁለተኛው ፈተናም የማያየው ብልሽት አለ። እሱም የአድራሻ ብልሽት ነው። በጉማራና በርብ ዳር በበጋ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ለ8ኛው መደብ የለቀቀው ውሃ ቦዩ ተሰብሮ ወደ ሌላው መደብ ይገባል እንበል። ሁሉንም መደብ በአንድ ቀን ውሃ በውሃ ካደረጋቸው የቦዩ ስብራት አይታወቅም። በየተራ አንድ አንድ መደብ ብቻ ሲያጠጣ ግን ያልታሰበው መደብ ረጥቦ ያገኘዋል።

በማኅደሩም ይኸው ነው። ከ4ቱ የአድራሻ ሽቦዎች 8 ቁጥርን የሚወክለው ተበጥሶ ሁልጊዜ 0 ቢል፣ «ክፍል 8» ብለን ስንጠራ የሚከፈተው ክፍል 0 ነው። 9 ስንል 1፣ 10 ስንል 2 ይከፈታል። 16 ክፍል ያለው የሚመስለን በእውነቱ 8 ብቻ ነው። ሆኖም ሁለተኛውን ፈተና ያልፋል! በሁሉም 0 ስንጽፍ ሁሉም 0፣ በሁሉም 1 ስንጽፍ ሁሉም 1 ይላላ!

ሦስተኛው ፈተና። ይህ በባለሙያዎች ዘንድ ማርች የሚባለው፣ እንደ ሰልፈኛ በተራ የሚራመድ ፈተና ነው። እንዲህ ይሠራል፦

— በመጀመሪያ በሁሉም ክፍል 0 ጻፍ።
— ከ0 ወደ 15 እየወጣህ በየክፍሉ፦ አንብብ፣ 0 መሆን አለበት፤ ወዲያው 1 ጻፍበት፤ ወደሚቀጥለው እለፍ።
— ከ15 ወደ 0 እየወረድህ በየክፍሉ፦ አንብብ፣ 1 መሆን አለበት፤ ወዲያው 0 ጻፍበት፤ ወደሚቀጥለው እለፍ።

አሁን የተበጠሰውን ሽቦ እንከታተል። ክፍል 0 ተነበበ፣ 0 ነው፤ 1 ተጻፈበት። ከ1 እስከ 7 እንዲሁ ያለ ችግር አለፈ። ክፍል 8 ሲጠራ ግን በእውነቱ የተከፈተው ክፍል 0 ነው፤ እዚያ ደግሞ ቅድም 1 ጽፈናል። 0 ይጠበቅ ነበር፤ 1 ተገኘ። ተያዘ! በዚያ ላይ መጀመሪያ የወደቀው ቁጥር 8 መሆኑ የተበጠሰውን ሽቦ በስሙ ይጠራዋል።

ሥራውን እንቁጠር። በየክፍሉ 1 ሲደመር 2 ሲደመር 2፣ ማለትም 5 ነው። 5 በ16 ሲባዛ 80። ሁለተኛው ፈተና 64 ሥራ ሠርቶ ያላየውን ሦስተኛው በ16 ሥራ ጭማሪ አየው። እያንዳንዱን ክፍል ከእያንዳንዱ ጋር ማወዳደር ቢያስፈልግ ኖሮ 16 በ16፣ 256 ጊዜ በሆነ ነበር። ለ8,192 ባይት ቢሰላ ማርቹ 40,960 ሥራ ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ማወዳደር ግን ከ67 ሚሊዮን ያልፋል። እንግዲህ ፈተናን ጥሩ የሚያደርገው የጥያቄው ብዛት ሳይሆን ቅደም ተከተሉና ምን ዓይነት ጥፋት እንዲይዝ መታሰቡ ነው።

አራተኛ ፈተናም አለ፤ ጊዜ። እንደ 4116 ያለው ራም እያንዳንዱን ቢት የሚይዘው እንደሚያፈስ እንስራ ነው። በየ2 ሺኛ ሴኮንድ ካልታደሰ ይረሳል። በብዙ የአርኬድ ቦርዶች ሥዕሉን ለማሳየት ማኅደሩ በተደጋጋሚ ስለሚነበብ በዚያው ይታደሳል። ወዲያው ጽፎ ወዲያው ማንበብ ይህን አይፈትንም፤ ጽፎ፣ ቆይቶ ማንበብ ያስፈልጋል። በባትሪ የሚጠበቀውን 5101 የተባለውን የፒንቦል ራም ደግሞ ጽፎ፣ መኪናውን አጥፍቶ፣ አብርቶ ማንበብ ነው። ከፍተኛው ነጥብና ስንት ጨዋታ እንደ ተካሄደ የሚያዘው እዚያ ነውና።

5. የማይጻፍበትን ማኅደር መፈተን

ሮም ላይ መጻፍ ስለማይቻል ፈተናው ሌላ ነው። በውስጡ ያለው ቁጥር ሁሉ ተደምሮ ድምሩ ከታወቀው ድምር ጋር ይወዳደራል። ይህ ግን ድክመት አለው። ቁጥሮቹ 3፣ 8፣ 5 ቢሆኑ ድምሩ 16 ነው። በስሕተት 8፣ 3፣ 5 ቢሆኑስ? አሁንም 16። ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ ድምሩ ግን አልተነካም። እያንዳንዱን በቦታው ቁጥር ብናባዛስ? 1×3 + 2×8 + 3×5 = 34 ይሆናል። የተዛባው ግን 1×8 + 2×3 + 3×5 = 29። አሁን ተለየ። ዛሬ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት የሮም መለያ ስሌት ከዚህ በጣም የረቀቀ ቢሆንም፣ ቦታን ከቁጥር ጋር አቆራኝቶ ማየቱ ግን ያው ነው።

በነዚያ ቦርዶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኢፕሮም የተባለ ሮም ነው። በጀርባው ትንሽ የመስተዋት መስኮት አለው፤ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲመታ ይሰረዝና ሁሉም ቢት 1 ይሆናል። ለዚህ ነው መስኮቱ በወረቀት የሚሸፈነው። የ2716 አምራች መመሪያ ቺፑ ሳይሸፈን በቀጥታ ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ በ1 ሳምንት ገደማ፣ በፍሎረሰንት መብራት ሥር ደግሞ በ3 ዓመት ገደማ ሊሰረዝ እንደሚችል ይናገራል።

ኢፕሮምን እ.ኤ.አ. በ1971 በኢንቴል የፈለሰፈው ዶቭ ፍሮማን ነው። ይህ ሰው በ1973 ኩባንያውን ትቶ ወደ ጋና ሄደና በኩማሲ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና አስተምሯል። ከፈጠራው ማግሥት የመረጠው ቦታ የአፍሪካ መማሪያ ክፍል ነበር።

6. ፈታኙ ራሱ ደህና ነው?

የባሊ ፒንቦል ቦርድ ሲበራ ራሱን ይፈትናል፤ ውጤቱንም የሚናገረው በአንዲት ትንሽ መብራት ነው። መጀመሪያ ብልጭ ትላለች። ከዚያ 1ኛ ስትበራ ሮሙ አለፈ፤ 2ኛ 6810 የተባለው 128 ባይት ራም አለፈ፤ 3ኛ 5101 አለፈ፤ 4ኛና 5ኛ ከውጭ ጋር የሚያገናኙት ሁለት ቺፖች አለፉ፤ 6ኛ የሰዓት ምልክቱ አለ፤ 7ኛ ከኃይል ምንጩ የሚመጣው ምልክት አለ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ብቻ በርታ ከቆመች ሦስተኛው ወድቋል፤ 5101ን ተመልከት። አንዲት አምፑል፣ ሰባት ጥያቄ!

ምንም ካልበራችስ? እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «ራሙ ወድቋል» ማለት አይቻልም፤ ፈተናው ገና አልተጀመረምና። የፈተናው ትእዛዝ የተጻፈው ሮም ውስጥ ነው። ሮሙ ወይም ፕሮሰሰሩ ከሞተ ፈታኝ የለም። ስለዚህም ጥሩ የፈተና ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ራም እስኪፈተን ድረስ ራሙን ለሥራቸው አይጠቀሙበትም፤ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉት ጥቂት ቦታዎች ብቻ ይሠራሉ። በሚመረመረው ነገር ላይ ተደግፎ መመርመር አይቻልም።

ሌላው መንገድ ፈታኙን ከውጭ ማምጣት ነው። ፍሉክ 9010ኤ የተባለው መሣሪያ ፕሮሰሰሩ ተነቅሎ በቦታው በኬብል ይገባና ማኅደሩን ራሱ ይጠይቃል። ይህ በሌለበት ደግሞ ደህና ቺፕ በተጠረጠረው ላይ ደርቦ ማየት አለ። ይህ ግን የሚሠራው የታችኛው ዝም ብሎ የተቀመጠ ከሆነ ነው። የታችኛው የተሳሳተ መልስ እየጮኸ ከሆነ ሁለቱ ይጋጫሉና ውጤቱ አያስተማምንም።

ፍርዱ ከተረጋገጠና ቺፑ በቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ በጉልበት አይነቀልም። እግሮቹ አንድ በአንድ ተቆርጠው፣ እያንዳንዱ ለብቻው በብየዳ ይወጣል። ቦርዱ ከቺፑ ይበልጣልና። በቦታው መቀመጫ ይበየዳል፤ አዲሱ ይሰካል፤ ፈተናውም ከመጀመሪያው ይደገማል።

7. ያለ ኤሌክትሪክ በክፍል ውስጥ

ይህን ትምህርት ለመስጠት ቦርድም መብራትም አያስፈልግም። 16 ተማሪዎች ከ0 እስከ 15 ቁጥር ይያዙ። መቀመጥ 0 ነው፤ መቆም 1 ነው። መምህሩ በምሥጢር ለአንዱ «ምን ቢሉህ እንዳትቀመጥ» ይበለው። በሌላ ጊዜ ደግሞ ለክፍል 8 እና ለክፍል 0 «8 ሲጠራ ዜሮ ይታዘዝ፣ ዜሮም ይመልስ» ይበላቸው። የቀሩት ተማሪዎች ጀርባቸውን አዙረው ፈታኝ ይሁኑ፤ አንድ ልጅ መልሱን ይንገራቸው። ሦስቱን ፈተናዎች በየተራ አካሂደው ሥራውን ይቁጠሩ፤ 32፣ 64፣ 80። የትኛው ፈተና የትኛውን ጥፋት እንደያዘ በሰሌዳ ላይ በሠንጠረዥ ይጻፍ። ቦታ ከጠበበ 16 ቆርኪ በጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ፊትና ጀርባውን መጠቀም ይቻላል።

8. ከቺፕ ወደ ተማሪ

ተማሪ ቺፕ አይደለም፤ ነቅለን የምንለውጠው ምትክ የለውም። ስለዚህ ለቺፕ የምናደርገውን ያህል ጥንቃቄ ለልጅ ማድረግ ቢያንስ ግዴታችን ነው።

መልሳቸው ሁሉ «እውነት» የሆነ የእውነት ሐሰት ጥያቄ አውጥተን ከሆነ አንደኛውን ፈተና አወጣን ማለት ነው። ሁልጊዜ «እውነት» ብሎ የሚጽፍ ልጅ መቶ ከመቶ ያመጣል። የ7ን ማባዣ ከ1 እስከ 10 በቅደም ተከተል የሚወርድ ልጅ ድንገት «7 በ8?» ሲባል ዝም ካለ፣ የያዘው ዜማውን እንጂ እያንዳንዱን ቦታ አይደለም። ይህን አገራችን ከቺፕ በፊት ታውቀዋለች፤ እዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ቤተልሔም ድጓ የሚመሰክር ሰው ትምህርቱን ከየትም ቢጠየቅ ማወቅ ይጠበቅበታል። ዛሬ አስተምረን ዛሬ ብቻ ከጠየቅን ደግሞ የጊዜውን ፈተና ዘልለናል።

ድምርም ያታልላል። ሁለት ልጆች 60 ቢያመጡ አንዱ የጎደለው ክፍልፋይ፣ ሌላው ጂኦሜትሪ ሊሆን ይችላል። ድምሩ አንድ ነው፤ የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ግን ሁለት ነው።

ከሁሉም በፊት ደግሞ ኤሌክትሪኩና መቀመጫው ይታይ። ልጁ ቁርስ በልቷል? ሰሌዳው ይታየዋል? የመምህሩ ድምፅ ይሰማዋል? ጥያቄው የተጻፈበት ቋንቋ ይገባዋል? የመልሱ ቁልፍስ ትክክል ነው? እነዚህን ሳያይ «አይዝም» ብሎ የሚፈርድ መምህር ቮልት ሳይለካ ቺፕ ከሚነቅል ጠጋኝ አይሻልም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. 2 ቁጥርን የሚወክለው የአድራሻ ሽቦ ተበጥሶ ሁልጊዜ 0 ቢል፣ በሦስተኛው ፈተና መጀመሪያ የሚወድቀው ክፍል ስንት ነው? ለምን?
2. ባለ 11 የአድራሻ ሽቦና ባለ 8 የመረጃ ሽቦ ቺፕ ስንት ባይት ይይዛል?
3. በሦስተኛው ፈተና የመጨረሻው 0 ተጽፎ ሳይነበብ ቀርቷል። ከ1 ወደ 0 መመለስ የማይችል፣ መጀመሪያ ግን 0 ሆኖ የተነሣ ክፍል ቢኖር ይያዛል? ምን ቢጨመር ይያዛል? ጠቅላላው ሥራ ለ16 ክፍል ስንት ይሆናል?
4. በምታስተምሩት ትምህርት ካወጣችሁት ፈተና አንዱን አምጡ። የትኛውን ዓይነት ስሕተት ይይዛል? የትኛውንስ ያሳልፋል?

መልስ፦ 1/ ክፍል 2፤ በእውነቱ የሚከፈተው ክፍል 0 ስለሆነና እዚያ 1 ስለተጻፈ። 2/ 2,048። 3/ አይያዝም፤ በመጨረሻ ከጻፉ በኋላ አንድ ጊዜ ማንበብ ቢጨመር ይያዛል፤ 96። የ4ኛው ጥያቄ መልስ በእጃችሁ ነው፤ ለቡድን ውይይት አቅርቡት።

መልካም ጥናት!